መደቡ ቤት አይደለም

ማክሰኞ፣ ኦክቶበር 6፣ 2015

ጠበቃው አቶ ኦግል "የሚያስታውሱትን ሁሉ በየቀኑ ይጻፉ፣ ኋላ ይጠቅማል" ስላለኝ ይህን ደብተር ከሞርፔዝ ከተማ ገዛሁ። እንግዲህ እጽፋለሁ።

አባቴ ራልፍ ሄስሎፕ በሰማንያ አራት ዓመቱ፣ በሴፕቴምበር 17 ሌሊት፣ አንዲት የእንጨት ጎጆ ውስጥ በታጣፊ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞተ። ጎጆዋ ያለችው ከዘጠኝ ዓመት በፊት ለወንድሜ ለአሌክ በሰጠው ቤት ጓሮ ነው። በዚያ ቤት አርባ ዓመት ኖሯል። ሲሞት ግን ከበሩ ውጭ ነበር። ይህን አልረሳም፤ ሌላውም እንዲረሳው አላደርግም።

እዚያ ምን ያደርግ ነበር እያሉ ለሚጠይቁኝ ስመልስ ሰነበትኩ። የባሮ ሽንኩርት ውድድር ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በየዓመቱ ከውድድሩ በፊት አንዱ ቀናተኛ በጨለማ መጥቶ የሰው ሽንኩርት በቢላ ይሸረክታል፣ ስለዚህ የአብቃዮቹ ክለብ ሽማግሌዎች ሦስት ሳምንት ያህል ሽንኩርት የተከሉበት መደብ አጠገብ ያድራሉ። ሚስቱ ስታምጥ ያልተገኘ ሰው ሁሉ ለሽንኩርት ያድራል። አባቴ ከእኔና ከባሌ ከኖርማን ጋር ይኑር እንጂ ቀኑን የሚውለው እዚያ ነበር። የእኔ ጓሮ ንጹሕ የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ጭቃ የለበትም።

የውርሱ አጣሪ እኔ ነኝ። አሌክ አይደለም። አባቴ ሰው ያውቅ ነበር።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 8

አቶ ኦግል ዘንድ ሄድኩ። ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው፣ በሰዓት ስለሚያስከፍል።

"አባትዎ ቤቱን ለወንድምዎ የሰጡት በሜይ 2006 ነው" አለ። "ሰው ሰጥቶ ሰባት ዓመት በሕይወት ከቆየ ስጦታው ለውርስ ግብር አይቆጠርም። የእሳቸው ዘጠኝ አልፎታል። ለእርስዎ የተናዘዙት የቤተሰብዎ የሥጋ ቤቶች ግማሽና የባንኩ ገንዘብ ደግሞ ሦስት መቶ ሺህ ፓውንድ ነው። እስከ ሦስት መቶ ሃያ አምስት ሺህ ድረስ ሕጉ አይነካም። ስለዚህ ሁለታችሁም ምንም አትከፍሉም።"

የሥጋ ቤቶቹ ሌላው ግማሽ ድሮም የእኔ ነው፣ እናቴ ናት ያወረሰችኝ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው። አሌክ ግን ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ የሚያወጣ ቤት በነፃ ተቀብሎ ዘጠኝ ዓመት ተንደላቀቀበት። የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳ!

ልነሳ ስል አቶ ኦግል የሞት ምስክር ወረቀቱን አይቶ መነጽሩን አወለቀ። የሞተበት ቦታ በሚለው መስመር የተጻፈው የአሌክ ቤት አድራሻ ነው።

"እዚያ ምን ያደርጉ ነበር?"

"ሽንኩርት ይጠብቅ ነበር።"

"ለአንድ ሌሊት?"

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።


እሑድ፣ ኦክቶበር 11

የአባቴን ዕቃ ላመጣ ሄድኩ። የአሌክ ሚስት ጂል በሩን ከፈተችና "ግቢ" አለችኝ። አልገባሁም። አባቴ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሻዩን የጠጣው እዚያች ደፍ ላይ ቆሞ ነው፣ በዝናብም በበረዶም። በገና ቀን እንኳ ኮቱን እንደለበሰ ውጭ ቆሞ ኬኩን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። መንደሩ አይቷል፤ ያላየውን እኔ ነግሬዋለሁ። ያላስገባችው ምንጣፏ እንዳይቆሽሽባት ነው።

"አባዬ የቆመበት ቆሜ እጠብቃለሁ" አልኳት።

"እንደ ፍጥርጥርሽ" አለች።

ጎጆዋ የራሷ ቁልፍ ነበራት፣ ቁልፉም በአባቴ ኪስ ብቻ። ሞቶ በተገኘበት ጠዋት ከውስጥ ተቆልፎ ስለነበር አሌክ በሩን በመዶሻ ነው የሰበረው። ውስጡ ታጣፊ አልጋ፣ ፋኖስ፣ ለውድድር ሽንኩርቱ እንዲያበራ የሚያጥብበት ወተት በጠርሙስ። እና ደብተሩ፦ ከሥጋ ቤት ያመጣው ወፍራም የትዕዛዝ መዝገብ፣ ከዳር እስከ ዳር በእርሳስ የተሞላ።

"ደብተሩን እኔ ጋ ብትተዪው" አለ አሌክ። "ዘሩን ለማትረፍ ያስፈልገኛል። ምን እንደሚያበላቸው እዚያ ነው የጻፈው።"

"ቤቱን ወሰድክ። አሁን ደግሞ ደብተሩን?"

"ሎርና፣ ሽንኩርት እኮ ነው።"

ደብተሩን በብብቴ ሸጉጬ ወጣሁ።


ረቡዕ፣ ኦክቶበር 14

የየዓመቱን ሴፕቴምበር ብቻ አነበብኩ። በ2006 አሥራ ሰባት ሌሊት። በ2007 አሥራ ዘጠኝ። በ2010 ሃያ አንድ። ጠቅላላ፦ አንድ መቶ ዘጠና አንድ ሌሊት።

ለኖርማን አልነገርኩትም።


ሐሙስ፣ ኦክቶበር 22

ሰው በሰጠው ቤት ቢያድር ምን እንደሚሆን አቶ ኦግልን "እንዲያው ለማወቅ ያህል" ብዬ ጠየቅኩት። ለማወቅ ያህል እንዳልሆነ ገብቶታል።

"ሰጪው እንደ እንግዳ መጥቶ ቢበላ፣ የልጅ ልጆቹን ቢጠብቅ፣ ታሞ ሁለት ሳምንት ቢተኛ ምንም አይደለም" አለ። "የራሱ ቁልፍ ይዞ፣ የራሱን መሬት እየቆፈረ፣ በየዓመቱ እያደረ ከሆነ ግን ግብር ቢሮው 'ይህ ሰው ሰጠሁ አለ እንጂ አልሰጠም' ሊል ይችላል። ያኔ ሰባት ዓመቱ መቆጠር አልጀመረም ማለት ነው። ቤቱ ከውርሱ ጋር ይደመራል።"

"ለአንድ የሽንኩርት መደብ?"

"ያከራክራል። በመደቡ ልክ ብቻ ነው የሚል ይኖራል። ጉዳዩን የሚወስነው እርስዎ የሚጽፉት ነው። ቅጹ ላይ ሰጪው ከሰጠ በኋላ በሰጠው ነገር ተጠቅሟል ወይ የሚል ጥያቄ አለ። የሚፈርሙት እርስዎ ነዎት፤ ውሸት ቢሆንም የሚጠየቁት እርስዎ።"

ከዚያ ወረቀት ስቦ ደመረው። ቤቱ ከተደመረ ጠቅላላው ስድስት መቶ ሃምሳ ሺህ። ከነፃው በላይ ያለው ሦስት መቶ ሃያ አምስት ሺህ። ከመቶ አርባ ሲነሳበት አንድ መቶ ሠላሳ ሺህ።

"ለወንድምዎ ሰባ ሺህ ይደርሰዋል። ለእርስዎ ስድሳ።"

"እኔ ደግሞ ለምን?"

"ነፃው ድርሻ አንድ ነው። ለሁለት መካፈል አለባችሁ።"

ከእሱ ጋር መካፈል። ከልጅነታችን ጀምሮ ይኸው ነው።


ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 3

በሰባት ዓመት ውስጥ የሰጠውን ሁሉ ዘርዝሪ ተባልኩ። ለአሌክ ልጅ ሠርግ ሁለት ሺህ አምስት መቶ። ልክ ለአያት ከግብር ነፃ የተፈቀደው፣ ሳንቲም አልጨመረም። ለልጅ ልጆቹ በየገናው ሃምሳ ሃምሳ። ይህም ነፃ ነው፣ ለአንድ ሰው በዓመት እስከ ሁለት መቶ ሃምሳ ይፈቀዳል። ለክለቡ የብር ዋንጫ።

ለእኔ በየአፕሪሉ ሦስት ሺህ ፓውንድ። አቶ ኦግል "የዓመቱ ነፃ ስጦታ" በሚለው ስር ጻፈው። ስጦታ አይደለም አልኩት፣ የምግቡ ነው። አልጋ፣ ማሞቂያ፣ በየጠዋቱ ወደዚያ መደብ ማመላለሻ። "ታዲያ ገቢ ነው?" ሲለኝ "ይሁን፣ ስጦታ ይበሉት" አልኩ። ሰው ሲበዛ መልካም ሲሆን እንዲህ ወረቀት ላይ ያንሳል።


ሐሙስ፣ ኖቬምበር 19

ዛሬ አቶ ኦግል በሕይወት የሌለው የሥራ ሽርካው ካስቀመጠው ፋይል ውስጥ አንድ ደብዳቤ አገኘ። በ2006 ያ ሽርካው ለአባቴ የጻፈው ነው። "ቤቱን ከሰጡ በኋላ ወደዚያ የሚገቡት በእንግድነት እንጂ በባለቤትነት አይደለም" ይላል። ከሥሩ የአባቴ የእርሳስ ጽሕፈት፦ "ገባኝ። ደፉን አላልፍም። መደቡ ግን ቤት አይደለም።"

ሁለቴ አነበብኩት። እንግዳ ሆኖ ገብቶ እራት መብላት የሚፈቀድለት ሰው ደፉን ላለማለፍ ዘጠኝ ዓመት ዝናብ መታው። የማይፈቀድለትን መደብ ደግሞ በየቀኑ ቆፈረ። ዕድሜ ልኩን ሥጋ ሲቆርጥ አጥንት ስቶ የማያውቅ ሰው ሕጉን ሲቆርጥ ሳተው።

ለሰው ሁሉ ስለ ጂል ምንጣፍ የነገርኩት እንግዲህ ልክ አልነበረም። ቢሆንም ወንበር ልታወጣለት ትችል ነበር።


ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 1

ለኖርማን ነገርኩት። ጋዜጣውን አጠፈና "ስድሳ ሺህ ፓውንድ ልትከፍዪ ነው፣ እሱ ሰባ እንዲከፍል?" አለ።

"እውነቱን ልጽፍ ነው።"

"ለእኔ አዲስ መነጽር ለመግዛት ሁለት ዓመት አስበሻል። ለእውነት ስድሳ ሺህ ታወጫለሽ?"

"ሕግ ነው፣ ኖርማን።"

"ሕጉን አውቃለሁ። የማላውቀው አንቺ መቼ እንዲህ ሕግ አክባሪ እንደሆንሽ ነው።"

ስለዚህ በሰላም እራት በላን፣ የአተር ገንፎና የአሳማ ሥጋ፣ አንድ ቃል ሳንነጋገር።


ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 12

ዝናብ። ወንዙ ሞልቷል። ሥጋ ቤቱ ውስጥ ከጀርባ ሆኜ ሳለሁ የክለቡ ጸሐፊ ቢሊ ዶድስ ለሌላ ሰው ሲናገር ሰማሁት። "ራልፍን በየጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አሌክ በር ላይ ትጥለው ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ትመጣለች ብለህ ነው? ማታ ነበር የምትወስደው።"

ወጣሁና "ምን ልቁረጥልህ ቢሊ?" አልኩት።

"ምንም ልጄ" አለ። "ቋሊማ።"

ለምን እጥለው እንደነበር አልጠየቀኝም። ሽማግሌ ቀኑን ሙሉ ኩሽና ውስጥ ሲቀመጥ ምን እንደሚመስል የማያውቅ ሁሉ ይፈርዳል። አየር ያስፈልገው ነበር። ለእሱ ብዬ ነው።


እሑድ፣ ዲሴምበር 27

አሌክ መጣ። ብቻውን። አቶ ኦግል ለሁለታችንም ጽፎ ስለነበር ነገሩን ያውቃል። ኩሽና ተቀመጠ፣ በአባቴ ወንበር። ሻይ ሰጠሁት፣ እንደ ማንኛውም ሰው።

"'ይጠይቀን ነበር' ብለሽ ጻፊ" አለ። "ውሸትም አይደለም። አባት ልጁን ጠየቀ። ምን ይጎድለዋል?"

"አንድ መቶ ዘጠና አንድ ሌሊት ይጎድለዋል።"

"ቆጠርሽው?"

"አጣሪ ነኝ፣ እቆጥራለሁ።"

"ሰባ ሺህ የለኝም። ጠበቃው በአሥር ዓመት ከፍለህ ጨርስ ይላል፣ ሰባት ሺህ በዓመት፣ ከነወለዱ። እኔ አውቶቡስ ነው የምነዳው ሎርና። ቤቱን መሸጥ ነው ያለኝ። የተወለድንበትን ቤት።"

"አባዬም ከበሩ ውጭ የሞተበትን።"

ይኼኔ ፊቱ ቀላ። "ሂድ ብዬው አውቃለሁ?" አለ። "የዚያን ጊዜ ደብዳቤውን አሳየኝ። ፈራሁ። 'አባዬ መደቡን ወደ ሎርና ጓሮ ውሰደው፣ አብረሃት ነህ እኮ' አልኩት። አይሆንም አለ። 'እዚሁ ነው የምፈልገው፣ አፈሩን ለምዶታል' አለ። ምን ልበል? አባቴ ነው።"

ስለዚያ ጊዜ ምንም አላስታውስም። መስኮቱን እያየ ሻዩን ጨረሰ፣ መስኮቱ ወደ ጓሮዬ ነው፣ ዝናቡ ድንጋዩ ላይ ይዘንባል።

"እሺ እህት ዓለም" አለ ሲነሳ። "የአባትህ ቤት ሲዘረፍ አብረህ ዝረፍ ይባላል። አንቺ ግን ራስሽ ዘራፊ ጠራሽ።"


ሐሙስ፣ ጃንዋሪ 14፣ 2016

ጻፍኩ። ሦስት ገጽ። የጎጆዋን ቁልፍ፣ የአልጋዋን ስፋት፣ በየቀኑ የዋለበትን ሰዓት፣ ሌሊቶቹን። "ተጠቅሟል" የሚለው ሣጥን ውስጥ ምልክት አደረግኩ። አቶ ኦግል "እርግጠኛ ነዎት?" አለኝ። በሕይወቴ እንደዚህ እርግጠኛ ሆኜ አላውቅም። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል።

ኖርማን ዛሬ የእንግዳ ክፍል ውስጥ ተኛ። ጀርባዬን አሞኝ ነው ይላል።


ማክሰኞ፣ ፌብሯሪ 2

ጂል ዳቦ ቤት ተሰልፋ አገኘችኝ። ሰው ሁሉ እየሰማ "ምንጣፌ ደህና ነው፣ ብለሽ ንገሪያቸው" አለች። ያለችው ይኸው ነው። ዳቦዋን ይዛ ወጣች። ሻጯ ለእኔ መልስ ስትሰጠኝ እጇን ሳታነካኝ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

ሳልቆጥረው ይዤ ወጣሁ። ቁጣ ነው።


ሰኞ፣ ፌብሯሪ 15

ግብር ቢሮው መለሰ። የአባቴን ደብተር ሙሉ ቅጂ ይፈልጋሉ። የሴፕቴምበሮቹን ብቻ አይደለም፣ ከመጀመሪያው ገጽ። አቶ ኦግል "እርስዎ ስለጠቀሱት ነው" አለ። ባልጠቅሰው ኖሮ ማንም መኖሩን አያውቅም ነበር። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም።


ሐሙስ፣ ፌብሯሪ 18

ሞርፔዝ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ገጽ በገጽ አባዛሁ። በገጽ አሥር ሳንቲም። ማሽኑ ሲያበራ ጽሑፉን ማንበብ ግድ ይሆናል። ስለ ሽንኩርት ነው፤ ፍግ፣ የፈረስ ጥፍር፣ ከጠመቃ ቤት ያመጣው ዝቃጭ፣ የአያታችን ዘር፣ የአንዱ ወገብ ስንት ኢንች ደረሰ። መቶ ገጽ ያህል ልብ ሳልል አለፍኩ።

ነገሩ ያለው አሥራ አንደኛው ገጽ ላይ ነበር። መጀመሪያ ላይ ነው፤ እኔ ያልከፈትኩት። ገጹ ተጣብቆ ስለነበር መጨረሻ ላይ ነው ያባዛሁት። እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

"አፕሪል 23፣ 2006። ሎርናን ከኩሽናዋ ጀርባ አንድ መደብ ልቆፍር ብዬ ጠየቅኳት። ድንጋይ ላስነጥፍ ነው አለችኝ። ግንበኛው ሰኞ ይመጣል።

"አፕሪል 24። አሌክ ደብዳቤውን አንብቦ ፈራ። መደቡን ወደ ሎርና ውሰደው ይላል። እንደከለከለችኝ አልነገርኩትም፤ ጠብ ይሆናል። እዚሁ ነው የምፈልገው አልኩት። እሺ አለ፣ ሳይወድ። ቤት ውስጥ ካልገባሁ ጥፋት የለውም።"

ከማሽኑ ፊት ቆምኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው ይጠብቅ ነበር፣ ይቅርታ እመቤቴ አለኝ።

ገጹን መቅደድ እችል ነበር። ማንም አያውቅም። እጄም ይዞት ነበር። ሠራተኛዋ ግን ወደ እኔ ታይ ስለነበር አልቀደድኩትም። በዚህ ምክንያት ነው።

ሌላም አለ፣ የመጨረሻው ገጽ። "ሴፕቴምበር 17። ብርድ ነው። ሁለቱ የውድድር ዋናዎች ደህና ናቸው። ሎርና አደረሰችኝ። ሞተሩን አላጠፋችም።"

አስታውሳለሁ። ቀጠሮ ነበረኝ። ፀጉሬን ልሠራ ነበር።


ዓርብ፣ ፌብሯሪ 19

ቅጂውን ለአቶ ኦግል ሰጠሁ። እዚያው ፊት ለፊቴ አነበበው። አሥራ አንደኛው ጋ ሲደርስ ቆመ፣ ቀና ብሎ አየኝ፣ ከዚያ ገለበጠ። ስንት ዓመት ጠበቃ ሆኖ መቼም ብዙ አይቷል።

"ወንድምዎም ከፋይ ስለሆነ ለእሱም አንድ ቅጂ መላክ አለብኝ" አለ።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

አባቴ ዘጠኝ ዓመት አብሮኝ ኖረ። እራት ሲበላ በመስኮቱ ወደዚያ ድንጋይ ያይ ነበር። "ጥሩ ሥራ ነው" ይለኝ ነበር። አንድ ቀን አልወቀሰኝም። ምነው በወቀሰኝ! ቢያንስ እመልስለት ነበር፣ መልስ አላጣም።


እሑድ፣ ማርች 6

የእናቶች ቀን። ወደ እናቴ መቃብር ስሄድ በአሌክ ቤት በኩል አለፍኩ፤ አቋራጩ እሱ ነው። "የሚሸጥ" የሚል ሰሌዳ በሩ ላይ ተተክሏል። የሰሌዳው እግር የገባው አባቴ ቆሞ ሻይ ይጠጣ ከነበረበት ሁለት እርምጃ ርቆ ነው።

አልቆምኩም።


ሐሙስ፣ ማርች 24

ግብር ቢሮው ቤቱን ከውርሱ ጋር ስለደመረው ስድሳ ሺህ ፓውንዱን ከፈልኩ። የአባቴ የባንክ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ፣ ከእኔም ላይ ተጨምሮ። አቶ ኦግል "በወቅቱ ነው፣ ቅጣት የለም" አለ። የምስራች መስሎት። ኖርማን ደረሰኙን አይቶ "መነጽሬን ልተወው እንግዲህ" አለ፣ ሳቀም። እኔም ልስቅ ፈለግኩ። ግብር ቢሮው መደቡን ከቤቱ ለይቶ ሊያይ ይችል ነበር ይላሉ ሰዎች፣ ብንከራከር። ማን ይከራከራል? መጀመሪያ የመሰከርኩት እኔ።

በሌላ ቀን ሙሉ እጽፋለሁ። ደክሞኛል።


ሰኞ፣ ማርች 28

ከሰዓት በኋላ አንድ መኪና በራችን ቆመ። አሌክ ነበር። ሁለት የእንጨት ሣጥን ይዞ በጎን በኩል ወደ ጓሮ ገባ፣ ሳያንኳኳ። ሣጥኖቹ የባሮ ሽንኩርት ችግኝ ናቸው፣ እንደ ሣር የቀጠኑ፤ ክረምቱን ሙሉ ቤት ውስጥ በመብራት ያሳደጋቸው። አባቴ ለውድድር ያሳደጋቸው የሁለቱ ዋናዎች ዘር።

"ቤቱን የሚገዙት ሰዎች መደቡን ሣር ሊያደርጉት ነው" አለ። ሣጥኖቹን ድንጋዩ መሃል አስቀመጣቸው።

"ለቢሊ ስጠው" አልኩ። "ለክለቡ ስጠው። እኔ ምን አደርገዋለሁ?"

"ገጹን አነበብኩት" አለ።

እየጠበቅኩ ነበር፣ እንዲጮህብኝ። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ ስለ እናቴ፣ ስለ ሥጋ ቤቶቹ፣ ማን ማንን አስታሞ እንደቀበረ።

"ዘጠኝ ዓመት ለእኔ ብሎ የሚመጣ ነበር የመሰለኝ" አለ። "ካንቺ ይልቅ እኔን ስለሚወድ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ቤቱም የለም፣ እሱም የለም።" ከዚያ ቁልቁል ሣጥኖቹን አየ። "መጀመሪያ አንቺ ጋ ነበር የፈለገው። ይኸው አምጥቼልሻለሁ። በሜይ አፈር ይፈልጋሉ።"

ሄደ። መኪናው ያን ሁሉ ጊዜ ሞተሩ አልጠፋም ነበር።

ኖርማን በመስኮቱ "ዛሬ ውርጭ ነው፣ አስገቢያቸው" አለኝ። ተወው አልኩት። ለግማሽ ሰዓት ያህል ሳህን አጠብኩ፣ የታጠበውን ጭምር።

ከዚያ ወጣሁና በትልቁ የሥጋ ቢላ፣ የአባቴ በሆነው፣ በሁለት ድንጋይ መሃል ለመፈልቀቅ ሞከርኩ። አንዷን ብቻ፣ ለአንድ ሣጥን የሚሆን። ጉልበቴ እስኪዝል ተንበርክኬ ታገልኩ። የቢላው ጫፍ ተሰበረ። ሲሚንቶው ፍንክች አላለም። ግንበኛው ሥራውን አሳምሮ ነው የሠራው፤ አጠገቡ ቆሜ ያሠራሁት እኔው ነኝ።